ቅጠል የሚቀላበት የተራራ ጎዳና

የዓመቱ ወራት በሁሉ አገር አንድ ዓይነት መልክ የላቸውም። መስከረም አልቆ ጥቅምት በሚገባበት ጊዜ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ዝናሙ አባርቶ፥ ሰማዩ ጠርቶ፥ መስኩ በአበባ አጊጦ ይታያል። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ወርኀ ጽጌ፥ ማለት የአበባ ወራት ብላ ትጠራዋለች። በእነዚሁ ቀኖች ከባሕር ማዶ፥ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት ተራሮች ላይ፥ ነገሩ ተገላብጦ ይገኛል። በዚያ አበባው ካለፈ ብዙ ወራት ሆኖታል፤ የሚያጌጠው ቅጠሉ ነው፤ የሚያጌጠውም ሊረግፍ ሲል ነው።

ይህን ወቅት በአማርኛ ለመጥራት የሞከረ ሰው ሁሉ ስሙ እንደሚያስቸግር ያውቃል። አንዳንዶች በልግ ይሉታል፤ ነገር ግን በልግ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥለው ትንሹ ዝናም፥ በእርሱም የሚበቅለው እህል ስለ ሆነ፥ ከቅጠል መርገፍ ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም። ሌሎችም መከር ይሉታል፤ እርሱም የአዝመራን መሰብሰብ እንጂ የዛፍን ጠባይ አይገልጽም። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መፀው በቀኑ ረገድ የሚቀርበው ነው፤ የሚያስታውሰው ግን አበባንና እሸትን ነው። አሜሪካኖች ራሳቸው ወቅቱን «ፎል» ብለው በአጭሩ ይጠሩታል፤ ይኸውም መውደቅ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመርገፍ ወራት ቢባል ከሁሉ የተሻለ ይሆናል።

በመርገፍ ወራት የቅጠሉን ቀለም ለማየት ወደ ተራራ መውጣት ለአሜሪካ ሕዝብ እንደ ዓመት በዓል ያለ ልማድ ሆኗል። ለዚህም ከታወቁት መንገዶች አንዱ በቪርጂኒያ ክፍለ ግዛት በብሉ ሪጅ ተራራ ጫፍ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ ነው፤ ትርጓሜውም «የአድማስ ጎዳና» እንደ ማለት ነው። ርዝመቱ 105 ማይል ወይም 169 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን የሚርቀው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖሩት በብዙ ሺህ ለሚቈጠሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት ጉዞ ነው። ቀለሙን ብቻ አይቶ የሚመለሰው መንገደኛ ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ቀለም ከምን እንደሚመጣ፥ ጎዳናውም በማን ጉልበትና በማን ርስት ላይ እንደ ተሠራ ያወቀ ተጓዥ፥ በዚያው መንገድ አልፎ ከሌላው ይልቅ አብዝቶ ያያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቅጠሉ ስለ ምን ይቀላል?

ብዙ ሰዎች ቅጠልን የሚያቀላው ውርጭ ይመስላቸዋል። ብርቱ ውርጭ ሲወርድ ግን ቅጠሉን ያጠወልገዋል፤ ያከስለዋል እንጂ አያስጌጠውም። ለዛፉ የመጀመሪያውን ምልክት የሚሰጠው የቀኑ ማጠር ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ ሌሊቱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየረዘመ ይሄዳል። ዛፉም ይህን ለይቶ ያውቃል፤ ብርዱም ሳይደርስበት አስቀድሞ ይዘጋጃል።

የዝግጅቱ አኳኋን የብልኅ ባለቤትን አስተዳደር ይመስላል። በሞቃቱ ወራት ቅጠል የዛፉ ወጥ ቤት ነው። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከውኃና ከአየር የዛፉን ምግብ ያዘጋጃል። ክሎሮፊል ግን እየፈረሰ ሁልጊዜ መታደስ የሚያስፈልገው ነው። ቀኑ ሲያጥርና አየሩ ሲቀዘቅዝ ዛፉ ይህን ማደሱን ይተዋል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለውንም የከበረ ሀብት፥ ይልቁንም ናይትሮጅን የሚባለውን፥ ወደ ቅርንጫፉ፥ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ መልሶ ያስገባል። ይህም ባለቤት ቤቱን ዘግቶ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል ዕቃውን ሰብስቦ በጓዳ እንደሚቈልፍ ማለት ነው።

አረንጓዴው በጠፋ ጊዜ ቢጫው ይገለጣል። ይህ ቢጫ፥ ካሮቲኖይድ የሚባለው፥ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅጠሉ ውስጥ የነበረ ነው፤ በአረንጓዴው ብዛት ተሸፍኖ ስለ ኖረ ብቻ አልታየም። ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገውም የዚሁ ዘመድ ነው። ቀዩ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቶሲያኒን የተባለው ቀይ ቀለም በአብዛኛው አስቀድሞ የነበረ ሳይሆን፥ ቅጠሉ ሊሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከተረፈው ስኳር አዲስ የሚሠራ ነው። ሊወድቅ ለተዘጋጀ ቅጠል ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ያስፈልገዋል ብለው የዕፀዋት ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ዛፉ ሀብቱን በሚሰበስብበት ጊዜ ቀዩ ቀለም እንደ ጥላ ሆኖ ቅጠሉን ከብርቱ ፀሐይ ይጠብቀዋል ይላሉ፤ ሌሎችም ተባይን ያባርርለታል ይላሉ። ክርክሩ ገና አልተቈረጠም።

በመጨረሻም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋራ በሚገናኝበት በአንገቱ ላይ ስስ ክፋይ ይበቅላል፤ መተላለፊያውንም ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ሲነካው ወይም በገዛ ክብደቱ ይወድቃል፤ ቍስሉም አስቀድሞ የዳነ ስለ ሆነ ዛፉ አይደማም። ቅጠሉን ይዞ ክረምቱን ቢጠብቅ ኖሮ ጕዳቱ ከባድ በሆነ ነበር፤ በበረደችው ምድር ውስጥ ውኃ እንደ ልብ አይገኝምና፥ ቅጠሉ ግን ውኃ ማውጣቱን አያቆምምና።

ይህ ነገር ለአፍሪካ ቀንድ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። በዚያ የሚያስፈራው ውርጭ ሳይሆን ድርቅ ነው፤ የዛፉ ምክር ግን አንድ ነው፤ ውኃ በማይገኝበት ጊዜ የሚያወጣውን መቀነስ።

የየዓመቱ ቀለም አንድ ዓይነት አይሆንም። ቀኑ ብሩህ፥ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ሆኖ ውርጭ ካልወረደ ቀዩ ይደምቃል፤ ደመናና ሙቀት ከበዛ ይደበዝዛል፤ ድርቅ ከጸና ቅጠሉ ሳይቀላ ይረግፋል፤ ብርቱ ነፋስና ዝናም ከመጣም በአንድ ሌሊት ሁሉን ያወርደዋል። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ቀን መቍረጥ እንደ አዝመራ ነገር የሰማይን ፊት ማየት የሚጠይቅ ነው።

ከጫፍ ወደ ግርጌ

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በመኪና የወረደ ሰው በ115 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ2300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ሲደርስ፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው እንደሚሻገር ያውቃል። ከላይ ጋቢ የለበሰው ሰው ከታች ሸሚዙም ይከብደዋል። በብሉ ሪጅ ተራራም ከፍታ ወቅትን ይከፋፍላል። የቅጠሉ መቅላት ከተራራው ጫፍ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ግርጌው ይወርዳል። ከላይ ያለው ዛፍ በጥቅምት መጀመሪያ ሲቀላ ከታች ያለው ገና አረንጓዴ ነው፤ የታችኛው ሲደምቅ የላይኛው ራቁቱን ቀርቷል። በጠቅላላው ሲታይ የተራራው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ የሚሆነው ከጥቅምት 5 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ አካባቢ ነው።

የዛፎቹም ዓይነት ብዙ ስለ ሆነ ሁሉም በአንድ ቀን አይለውጡም። ብላክ ጋም የተባለው ዛፍ ከሁሉ ቀድሞ ጥቍርማ ቀይ ይሆናል። ቱሊፕ የሚባለው ረዥም ዛፍና ሂኮሪ ወርቅ የመሰለ ቢጫ ይለብሳሉ። ሳሳፍራስ ብርቱካንማ ይሆናል። ቀዩ ሜፕል እንደ ስሙ ይቀላል። ኦክ የተባለው ብርቱ እንጨት ያለው ዛፍ ደግሞ ከሁሉ ዘግይቶ የዛገ ብረት የመሰለ ቀይ ዳማ ይሆናል፤ ቅጠሉንም ቶሎ አይለቅም።

የጎዳናው አካሄድ

ጎዳናው የሚጀምረው በሰሜን ፍሮንት ሮያል ከምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። ከዚያ አንሥቶ በየማይሉ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ተተክሏል፤ መንገደኛውም የደረሰበትን ሥፍራ በዚሁ ይለያል። ከ35 ማይል፥ ማለት ከ56 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ሕግ ሆኖ ይገኛል። ከዳር እስከ ዳር ሳይቆሙ ለመሄድ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሳይቆም የሚሄድ ግን የለም፤ ምክንያቱም 70 ገደማ የሚሆኑ መመልከቻ ሥፍራዎች በመንገዱ ዳርና ዳር ተሠርተው ተጓዡን ይጠሩታል።

በስተምሥራቅ የሚታየው ዝቅተኛ አገር ፒድሞንት ይባላል፤ ስሙም ከጣልያን አገር ከፒየሞንቴ የተወሰደ ሆኖ «የተራራ እግር» ማለት ነው፤ በአማርኛ ግርጌ እንደሚባለው ነው። በስተምዕራብ የሸናንዶዋ ሸለቆ ተዘርግቶ፥ ወንዙ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፥ ከመካከሉም ማሳናተን የተባለው ረዥም ተራራ ተነሥቶ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ሸንተረር በሸንተረር ላይ ተደራርቦ እስከ አድማስ ድረስ ይሰማያል። ብሉ ሪጅ ማለት «ሰማያዊው ሸንተረር» ነው፤ ሰማያዊነቱም በከፊል ከዛፎቹ እስትንፋስ የሚመጣ ነው፤ ዛፎቹ ወደ አየር የሚለቁት ረቂቅ ትነት ጭጋግ ይሆንና የሩቁን ነገር ሁሉ በሰማያዊ ቀለም ያለብሰዋል።

በ32ኛው ማይል መንገዱ ሜሪስ ሮክ በተባለው ዐለት ውስጥ ገብቶ ያልፋል። ይህ ዋሻ በ1932 ዓ.ም. የተፈለፈለ ነው። ከዋሻው ጨለማ ወጥቶ በድንገት በቀይና በቢጫ በተሞላው ሸለቆ ፊት መቆም ከጉዞው ሁሉ የማይረሳው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ስካይላንድ በተባለው ሥፍራ አጠገብ ጎዳናው 1122 ሜትር ደርሶ የመጨረሻውን ከፍታ ያገኛል። ሆክስቢል የተባለው የፓርኩ ታላቅ ተራራ 1235 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ለመድረስ ግን በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ለአሥመራ ሰው ይህ ከፍታ የከተማውን እኩሌታ ጥቂት የሚያልፍ ብቻ ነው፤ ሆኖም ተራራው ከምድር ወገብ ርቆ ወደ ሰሜን ስለሚገኝ ክረምቱ በረዶ ያለበት ነው። በ51ኛው ማይል ቢግ ሜዶስ የተባለው ሰፊ መስክ ይገኛል። በመጨረሻም ጎዳናው በደቡብ ሮክፊሽ ጋፕ በተባለው በር ላይ ያበቃል። ከዚያ ጀምሮ ወደ ሰሜን ካሮላይና የሚወስደው፥ በ1935 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1987 ዓ.ም. የተፈጸመው 755 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የተባለው ሌላ የተራራ ጎዳና ይቀጥላል።

በማን ጉልበት ተሠራ?

የጎዳናው ሥራ የተጀመረው በ1931 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሁቨር ዘመን ነው። ባለፈው ዓመት በ1930 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ ወርዶ የገበሬው አዝመራ ስለ ጠፋ፥ ለድርቁ መርጃ የተመደበው ገንዘብ ለመንገዱ ሥራ ዋለ፤ በአካባቢው የሚኖሩ ችግረኞችም በሥራው ላይ ተቀጠሩ። የመካከለኛው ክፍል በ1934፥ የሰሜኑ በ1936፥ የደቡቡ በ1939 ዓ.ም. ለተጓዥ ተከፈተ።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ዓ.ም. ሥራ ላጡ ወጣቶች የደን ልማት ጓድ ባቋቋሙ ጊዜ፥ ከመጀመሪያዎቹ ሠፈሮች ጥቂቶቹ የተተከሉት በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ወጣቶቹ በወር 30 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ ከዚሁም 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰቦቻቸው ይላክ ነበር። እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስ በመመልከቻዎቹ ዳር የድንጋይ ግንብ ገነቡ፥ የተናደውን አቀበት አቀኑ፥ ችግኝና ቍጥቋጦ ተከሉ። ዛሬ ተጓዥ ክንዱን አስደግፎ ሸለቆውን የሚያይበት ግንብ ቍጥሩ ቀላል ያልሆነው የእነዚያ ችግረኛ ልጆች የእጅ ሥራ ነው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በታኅሣሥ ወር 1935 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሐምሌ 3 ቀን 1936 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በቢግ ሜዶስ ተገኝተው መረቁት።

በማን ርስት ላይ?

የጎዳናው ታሪክ በዚህ ቢያልቅ ደስ የሚያሰኝ በሆነ ነበር። ነገር ግን ተራራው ባዶ አልነበረም። በሸለቆዎቹ ውስጥ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በቆሎ ይዘሩ፥ ከብት ያረቡ፥ ፖም ይተክሉ፥ ቅርጫት ይሠሩ፥ የእንጨት ልጥ ለቆዳ ፋብሪካ ይሸጡ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ፓርኩን ለመቀበል የጠየቀው መሬቱ ተገዝቶና ነዋሪ ሳይኖርበት እንዲሰጠው ስለ ነበር፥ የቪርጂኒያ ክፍለ ግዛት በ1928 ዓ.ም. ልዩ ሕግ አውጥቶ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የመሬት ይዞታዎችን በግዴታ ወሰደ። ወደ 500 የሚሆኑ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው ሄዱ። ባለ መሬት የነበሩት በዳኞች ግምት ዋጋ ተከፈላቸው፤ በሌላው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው የኖሩት ግን ለመሬቱ የሚከፈል ዋጋ አልነበራቸውም። አንድ ባለ ርስት ነገሩን እስከ አገሩ የላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ ቢያደርሰውም በ1935 ዓ.ም. አልተሳካለትም።

በዚያን ጊዜ የተራራው ሰዎች ከዓለም የተለዩ፥ ያልሠለጠኑና ድኾች ናቸው የሚል ጽሑፍ በመጽሐፍም በጋዜጣም ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው አነጋገር እነርሱን ማስነሣት ውለታ እንጂ በደል እንዳልሆነ አስመስሎ አሳየ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ብዙዎቹ ከሸለቆው ከተማ ጋራ የሚገበያዩ፥ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን የነበራቸው ገበሬዎች እንደ ነበሩ ገልጿል። ከተነሡት ጥቂቶቹ መንግሥት በተራራው ግርጌ ባሠራው አዲስ ሠፈር ገቡ፤ ሌሎቹ በየዘመዶቻቸው ተበተኑ። ተመልሰው እንዳይገቡም ብዙ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ። ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ዕድሜያቸውን በዚያው እንዲጨርሱ ተፈቀደላቸው፤ ከእነርሱም የመጨረሻዋ በ1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሌላም መታወስ የሚገባው ነገር አለ። ፓርኩ ለሕዝብ ሁሉ ተባለ እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሁሉ እኩል አልነበረም። በቪርጂኒያ ዘርን ከዘር የሚለየው ሕግ ጸንቶ ስለ ነበር፥ በ1939 ዓ.ም. ሉዊስ ማውንቴን የተባለው ሥፍራ ለጥቍር አሜሪካውያን ብቻ ማረፊያ ሆኖ ተከፈተ። ይህ ልዩነት ፈጽሞ የተወገደው በ1950 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከዋሽንግተን ልጆቹን ይዞ የሚመጣው የአፍሪካ ተወላጅ በፈለገበት መስክ ምሳውን ዘርግቶ ይበላል፤ ይህ መብት ግን ከተራራው ጋራ አብሮ የተፈጠረ አይደለም።

በጫካው ውስጥ ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው አሁንም የድንጋይ ካብ፥ የፈረሰ የጭስ ማውጫ፥ ማንም ሳይተክለው የበቀለ በሚመስል ሥፍራ የፖም ዛፍ ያገኛል። ከመቶ በላይ የሆኑ የቤተሰብ መቃብሮችም በፓርኩ ውስጥ አሉ። በቅርብ ዓመታት የተነሡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በተራራው ዙሪያ ባሉት አውራጃዎች የጭስ ማውጫ ቅርጽ ያለው የድንጋይ መታሰቢያ አቁመው የቤተሰቦቻቸውን ስም ጽፈውበታል። ቤቱ ቢፈርስ ምድጃው እንዲታወስ ማለታቸው ነው።

የአያቶች ተራራ አይደለም

ብዙ ተመልካች ይህ ደን ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፓርኩ ሲቋቋም ከተራራው ብዙው ክፍል የግጦሽ መስክ፥ እርሻና እንጨቱ የተቈረጠበት ጠፍ መሬት ነበር። ዛሬ ከመቶው 95 ያህሉ በደን ተሸፍኗል፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ከፓርኩ ከመቶ 40 ያህሉ የሰው ሥራ እንዳይገባበት በሕግ ተከለለ። እንግዲህ ቀለሙን የሚሰጡት ዛፎች ብዙዎቹ በእርሻው ላይ የበቀሉ፥ ከፓርኩ ጋራ እኩል ዕድሜ ያላቸው ናቸው።

ከዚህም በቀር ከተራራው አንድ ታላቅ ዛፍ ጠፍቷል። ጣልያኖች ካስታኞ የሚሉት፥ ፍሬው ተጠብሶ የሚበላው ዛፍ፥ የአሜሪካው ዓይነት በእነዚህ ተራሮች ላይ ከሁሉ ከሚበዙት አንዱ ነበር። የተራራው ሰዎች ፍሬውን ለቅመው ይሸጡ፥ እሪያዎቻቸውንም ያበሉበት፥ በእንጨቱም ቤትና አጥር ይሠሩበት ነበር። በ1904 ዓ.ም. ከእስያ የመጣ የዛፍ በሽታ በኒው ዮርክ ታየ። በ50 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በምሥራቅ አሜሪካ ያለውን ካስታኞ ከሞላ ጐደል ጨረሰው፤ የሞተውም ዛፍ በብዙ ሺህ ሚሊዮን ይገመታል። ሥሩ ግን አልሞተም፤ ዛሬም ከሥሩ ቀንበጥ ያወጣል፤ ጥቂት ካደገ በኋላ በሽታው ይይዘውና ተመልሶ ይደርቃል። ካስታኞ በመርገፍ ወራት ቢጫ ይሆን ነበር። በቦታው ኦክ፥ ሂኮሪና ቀይ ሜፕል ተተኩ። ስለዚህ ዛሬ ያለው ቀለም ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩት ሰዎች ያዩት አይደለም።

ከመቶ ዓመት በኋላም እንደዚሁ ይቆያል ማለት አይቻልም። ባለፉት አሥርታት የምድር ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደ በምሥራቅ አሜሪካ የመጀመሪያው ውርጭ የሚወርድበት ቀን እየዘገየ መጥቷል፤ የቅጠሉም ዕድሜ እየረዘመ ነው። ከውጭ አገር የገባ ተባይ ሄምሎክ የተባለውን የጥድ ዘመድ አብዛኛውን ገድሏል፤ ሌላው ደግሞ አሽ የተባለውን ዛፍ እያጠፋ ነው።

ለሚጓዝ ሰው

ጥቅምት በዚህ ጎዳና ላይ ተጓዥ ከሁሉ የሚበዛበት ወር ነው። ቅዳሜና እሑድ በመግቢያዎቹ ላይ የአውቶሞቢል ሰልፍ ይረዝማል፤ ስለዚህ በሥራ ቀን ማልዶ መሄድ ይመረጣል። በግርጌው ሙቀት ቢኖርም ከላይ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ልብስ መደረብ ያስፈልጋል። በዋሻው ውስጥ መብራት ማብራት፥ አጋዘንና ድብ በድንገት መንገዱን ስለሚያቋርጡም ተጠንቅቆ መንዳት ግዴታ ነው። ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው 105ቱን ማይል በአንድ ቀን ለመጨረስ ከሚቸኵል፥ አንዱን ክፍል መርጦ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ወርዶ በቅጠሉ ላይ ቢራመድ ይጠቅመዋል። ከቤቱ ከመውጣቱም በፊት ለልጆቹ ሦስት ነገር ቢነግራቸው መልካም ነው፤ ቅጠሉ የቀላው ዛፉ ለክፉ ቀን ሲያከማች እንደ ሆነ፤ ግንቡን የሠሩት እንጀራ ያጡ ወጣቶች እንደ ሆኑ፤ በጫካው ውስጥ የሚያገኙት የድንጋይ ካብም የአንድ ገበሬ የቤቱ ወሰን እንደ ነበረ።

የወደቀው ቅጠል በምድር ላይ በስብሶ ለሚመጣው ዓመት አፈር ይሆናል፤ ዛፉ ለዚህ ማንም እንዲያመሰግነው አይጠብቅም። ሰው ግን ርስቱን ለሌላው ደስታ ሲለቅ ቢያንስ ስሙ እንዲጠራለት ይሻል። የአድማስን ጎዳና የሚያይ መንገደኛ ውበቱን ያለ ገደብ ሊደሰትበት ይገባዋል፤ ውበቱ ግን ዋጋ የተከፈለበት መሆኑን ቢያውቅ ደስታው አይቀንስበትም፤ ይልቁንም መንገዱን በዝግታ የሚሄድበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል።